የሚካሰሱት ለምን ይሸፋፈናሉ? የወንድምና የእህት ፉክክርና ስውር ታማኝነት

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ወንድሟ በእርሷ ተራ ቴሌቪዥኑን እንደቀየረባት፣ መቀመጫዋን እንደወሰደባትና ምላሱን እንዳወጣባት እየተመላለሰች ለእናቷ ስትከስ ትውላለች። በዚያው ቀን ማታ የሳሎኑ ትልቅ መስታወት ተሰብሮ ይገኛል። የሰበረው ወንድሟ መሆኑን በዓይኗ አይታለች፤ እናቷ ግን ደጋግማ ብትጠይቃትም፣ ብትቆጣትም፣ "አላየሁም" ከማለት አታልፍም። ቀኑን ሙሉ በጥቃቅን ጥፋት ስታሳብቅ የዋለች ልጅ ትልቁ ጥፋት ሲመጣ አፏን ትዘጋለች።

ይህን የታዘበ ወላጅ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይደመድማል። ወይ ልጆቹ ከልባቸው አይዋደዱም፣ ዝምታውም በወንድሟ ዛቻ የመጣ ነው ይላል፤ ወይ ደግሞ ከልባቸው ይዋደዳሉ፣ ጠቡም ጨዋታ ነው ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ድምዳሜዎች ግማሽ እውነት ብቻ ይይዛሉ። ክሱም የምር ነው፣ ዝምታውም የምር ነው። ፉክክርና ታማኝነት አንዱ ሲመጣ ሌላው የሚለቅቅባቸው ተቃራኒ ስሜቶች ሳይሆኑ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ነገሮች ናቸው። በወንድምና በእህት መካከል ደግሞ ፉክክሩ በአደባባይ ሲታይ ታማኝነቱ የሚደበቅበት የራሱ ምክንያት አለው።

መነሻው የሚጣሉበትን ነገር ለይቶ ማወቅ ነው። ጠቡ በወንበር፣ በተራ ወይም በመኪናው መስኮት በኩል ባለው ቦታ የተነሣ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ወንበሮች ቢቀርቡላቸውም እናታቸው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ይጣላሉ። የሚሻሙት የወላጅን ዓይን፣ ጊዜና ሚዛን ነው። ይህን በሥነ ሕይወት ቋንቋ ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠው አሜሪካዊው ሮበርት ትሪቨርስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ወላጅ ለሁለቱም ልጆቹ በዘር ውርስ እኩል ቅርብ ስለሆነ ያለውን እኩል ማካፈል ይቀናዋል፤ ልጅ ግን ለራሱ ሙሉ ሲሆን ለወንድሙ ወይም ለእህቱ የሚቀርበው በአማካይ በግማሽ ነው። ስለዚህ ወላጅ ተገቢ ነው ብሎ የሚያየው ክፍፍል ለእያንዳንዱ ልጅ ሁልጊዜ ያነሰ መስሎ ይታየዋል። "ሁለታችሁንም እኩል እወዳችኋለሁ" የሚለው ንግግር ልጆችን እምብዛም የማያረካው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ የጠየቀው እኩል እንዲወደድ አልነበረምና።

ይሁን እንጂ ከዚሁ ስሌት ውስጥ ተቃራኒው ነገርም ይወጣል፤ ግማሽ ማለት ባዶ ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃሚልተን ከትሪቨርስ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በ1964 እንዳሳየው፣ ፍጡራን ለሥጋ ዘመዶቻቸው ራሳቸውን እስከመጉዳት የሚደርሱት ያ የጋራ ድርሻ ስላለ ነው። በቤት ውስጥ የሚከፋፈል ነገር ሲኖር ግማሹ ልዩነት ይጮኻል፤ ከውጭ አደጋ ሲመጣ ግማሹ አንድነት ይነቃል። እርግጥ ነው፣ ማንም ልጅ ቁጭ ብሎ እንዲህ ያለ ሒሳብ አይሠራም። የሚሰማው ቁጣና መሳሳት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ስሜቶች ግን በአንድ ሰው ላይ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰዓት ውስጥ ያርፋሉ።

የሥነ ልቦና ሰዎች ለረጅም ጊዜ ያተኮሩት በመጀመሪያው ወገን፣ በፉክክሩ ላይ ነበር። ኦስትሪያዊው ሐኪም አልፍሬድ አድለር የበኩር ልጅን ዙፋኑን ከተነጠቀ ንጉሥ ጋር አመሳስሎታል፤ ከእርሱ በላይ ታላቅ ወንድም የነበረው አድለር ነገሩን ከታች ሆኖ የማየት ዕድል እንደነበረው ልብ ይሏል። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ዴቪድ ሌቪ ለልጆች የእናት፣ የሚጠባ ሕፃንና የታላቅ ልጅ አሻንጉሊቶችን እያቀረበ፣ ታላቁ ልጅ ሕፃኑን እናቱ ጡት ላይ ሲያየው ምን እንደሚያደርግ ይጠይቅ ነበር። ብዙ ልጆች በሕፃኑ አሻንጉሊት ላይ ቁጣቸውን ተወጡ። "የወንድማማቾች ፉክክር" የሚለው አነጋገር በሙያው ውስጥ እንዲስፋፋ ከረዱት ሥራዎች አንዱ ይህ የሌቪ ሥራ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ታላቅ እንዲህ ይሆናል፣ ታናሽ እንዲያ ይሆናል የሚለው እምነት በሰፊው ተሰራጨ። ዛሬ ግን በዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። በ2015 ከታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ 377,000 ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን፣ ሌላው በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በጀርመን ከ20,000 በላይ ሰዎችን የተመለከተ ሲሆን፣ ሁለቱም የመወለድ ቅደም ተከተል በሰው ጠባይ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከቁጥር የማይገባ መሆኑን አግኝተዋል። ጠባይን የሚቀርጸው ልጁ ስንተኛ ሆኖ መወለዱ ከሆነ ጥናቶቹ ይህን ያህል ባዶ እጃቸውን ባልተመለሱ ነበር። በእኔ አስተያየት ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው ልጁ ወላጁ ዓይን ውስጥ የትኛውን ቦታ አገኘሁ ብሎ ማመኑ ነው።

የፉክክሩን ሌላ ገጽ ያሳየን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የተደረገ፣ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም በጥንቃቄ የተሠራ ጥናት ነው። ጁዲ ደንና ካሮል ኬንድሪክ 40 ቤተሰቦችን ሁለተኛ ልጅ ከመወለዱ በፊትና ከተወለደ በኋላ በየቤታቸው እየሄዱ ተከታተሉ፤ ውጤቱም በ1982 በመጽሐፍ ወጣ። እንደተጠበቀው፣ ሕፃኑ ሲመጣ በእናትና በበኩሩ መካከል ያለው ግጭት ጨመረ፣ ብዙዎቹ ልጆችም ተረበሹ። ነገር ግን እናቲቱ ስለ ሕፃኑ እንደ አንድ ሰው፣ ማለትም ስለሚፈልገውና ስለሚሰማው ነገር ከታላቁ ልጅ ጋር ትነጋገር በነበረባቸው ቤቶች ውስጥ፣ ልጆቹ ከወራት በኋላም የተሻለ ወዳጅነት ታየባቸው። "አትንካው" በሚል ትእዛዝና "ለምን ያለቀሰ ይመስልሃል?" በሚል ጥያቄ መካከል ያለው ርቀት ከሚገመተው በላይ ነው። የመጀመሪያው ሕፃኑን የተከለከለ ዕቃ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን ታላቁን አማካሪ ያደርገዋል።

ወደ ወንድምና እህት ጉዳይ ስንመጣ ሚዛኑ ራሱ ይወሳሰባል። ሁለት ወንድማማቾች ወይም ሁለት እህትማማቾች ሲነጻጸሩ የሚለኩበት ሜትር ቢያንስ አንድ ነው፤ ማን ሮጠ፣ ማን አጠና፣ ማን ታዘዘ የሚለው ጥያቄ ለሁለቱም በአንድ ትርጉም ይቀርባል። ወንድምና እህት ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት ሜትሮች ይለካሉ። እርሱ እስኪመሽ ውጭ መቆየት ይፈቀድለታል፤ እርሷ አይፈቀድላትም። እርሷ ስታለቅስ ትታቀፋለች፤ እርሱ ሲያለቅስ "ወንድ አይደለህም እንዴ?" ይባላል። እርሷ የወንድሟን ነጻነት ታያለች፣ ነጻነቱ የተገዛበትን ብቸኝነት ግን አታይም። እርሱ እህቱ የምታገኘውን ርኅራኄ ያያል፣ ከርኅራኄው ጋር የተሰጣትን የቤት ሥራ ግን አይቆጥርም። በዚህም የተነሣ ሁለቱም በቅን ልቦና፣ ማስረጃ እየጠቀሱ፣ የተበደልኩት እኔ ነኝ ብለው ማመን ይችላሉ፤ ሁለቱም ደግሞ በየራሳቸው ሜትር ትክክል ናቸው። በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው ስለ ልጅነታቸው ሲከራከሩ ፈጽሞ ሳይግባቡ የሚቀሩ ወንድምና እህት የሚከራከሩት ብዙውን ጊዜ በትዝታ አይደለም፤ ትዝታው አንድ ነው፣ መለኪያው ነው ሁለት የሆነው።

እዚህ ላይ ወላጆችን ትንሽ የሚያሳርፍ አንድ ግኝት አለ። ሎሪ ክሬመርና ባልደረባዋ በ1997 ባወጡት ጥናት፣ ልጆችን የሚጎዳው የወላጅ አያያዝ መለያየቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚረዱት ወሳኝ መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱ የገባው ልጅ፣ ለምሳሌ እህቱ ታማ ስለነበረ ብዙ ጊዜ እንደተሰጣት የተረዳ ልጅ፣ ልዩነቱን እንደ በደል አይመዘግበውም። የሚያቆስለው ምክንያት የሌለው፣ ወይም ምክንያቱ "ሴት ስለሆንሽ ነው"፣ "ወንድ ስለሆንክ ነው" ከሚል የማያልፍ ልዩነት ነው፤ እንዲህ ያለው መልስ ልጁ ጥሮ ሊለውጠው የሚችለው ምንም ነገር አይተውለትም።

ከንጽጽር ማምለጫ አንዱ መንገድ መለየት ነው። ፍራንሲስ ሻክተርና ባልደረቦቿ በ1976 እንደጻፉት፣ በተከታታይ የተወለዱ ልጆች፣ በተለይም ጾታቸው አንድ ሲሆን፣ ሳያውቁት አንዱ ከሌላው የተለየ ማንነት ይይዛሉ፤ አንዱ አንባቢ ከሆነ ሌላው ስፖርተኛ፣ አንዱ ዝምተኛ ከሆነ ሌላው ተጫዋች ይሆናል። ወንድምና እህትን ጾታቸው አስቀድሞ ስለለያያቸው ይህን ያህል መራቅ ላያስፈልጋቸው ይችላል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ የሌላው ነው ተብሎ ወደተከለለ ሜዳ ሲገባ ነው፤ እህት በሒሳብ ከወንድሟ ስትበልጥ፣ ወይም ወንድም በእህቱ ሙያ ሲመሰገን፣ ቤቱ ያልጠበቀው ጥርጣሬ ይነሣል።

እስካሁን ያየነው ከላይ የሚታየውን ነው። ከሥር ያለውን ለመረዳት በቡዳፔስት ተወልዶ በአሜሪካ የቤተሰብ ሕክምናን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የሆነው ኢቫን ቦሶርሜኒ ናጂ በ1973 ከባልደረባው ጋር ያብራራውን ሐሳብ መያዝ ይጠቅማል። ናጂ እንደሚለው በየቤተሰቡ ውስጥ ማንም በእጁ ያልጻፈው፣ ነገር ግን ሁሉም የሚያነብበው የሒሳብ መዝገብ አለ፤ ማን ለማን ምን እንዳደረገ፣ ማን ያልተከፈለ ውለታ እንዳለበት፣ ማን የሌላውን ሸክም እንደተሸከመ የሚመዘገብበት ነው። ታማኝነት ለእርሱ የሞቀ ስሜት ብቻ ሳይሆን የዚህ መዝገብ ግዴታ ነው፤ ሰው ባይሰማውም ያስገድደዋል፣ ባያውቀውም ይከፍለዋል። አማርኛ ለዚህ "ውለታ" የሚል ቃል ስላለው ለእኛ አንባቢዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። በመስታወቱ ጉዳይ ዝም ያለችውን ልጅም በዚህ መዝገብ ማንበብ ይቻላል። የተራ ንጥቂያው በሁለቱ መካከል ያለ ሒሳብ ስለሆነ ዳኛ ጠርታ ልታስመልሰው ትፈልጋለች። የመስታወቱ ስብራት ግን ወንድሟን ከወላጆች ሁሉ ቁጣ ፊት ብቻውን የሚያቆም ነውና ሒሳቡ ተለውጧል፤ አሁን መስመሩ የተሰመረው በእርሷና በእርሱ መካከል ሳይሆን በልጆችና በአዋቂዎች መካከል ነው።

ይህ ታማኝነት ስውር የሚባለው በሦስት ትርጉም ነው። አንዳንዴ የሚሰወረው ከውጭ ሰው ነው። የዚህ ጥንታዊ ምሳሌ በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም የሚገኘው የሙሴ እህት ታሪክ ነው። ሕፃኑ ወንዝ ላይ ሲጣል ርቃ ቆማ ትጠባበቃለች፤ ከንጉሡ ቤት ሰዎች እጅ ሲገባም ቀርባ የሚያጠባ ሰው ልታመላክታቸው እንደምትችል ትናገራለች፤ እህቱ መሆኗን ግን አትናገርም፤ ልጁን ያተረፈው ዝምድናዋን መደበቋ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ታማኝነቱ የሚሰወረው ከወንድም ወይም ከእህት ራሷ ነው፤ እህቱን ሰፈር ውስጥ የሰደበ ልጅ ጋር ተጣልቶ የመጣ ወንድም ቤት ሲገባ ምንም አይናገርም፣ እንዲያውም ያን ምሽት ይበልጥ ያበሽቃታል። ሦስተኛውና ከባዱ ከባለቤቱ ከራሱ የተሰወረው ነው፤ ለምሳሌ ወንድሟ ከትምህርት ሲወድቅ የእርሷም ውጤት ያለምክንያት የሚያሽቆለቁል ልጅ፣ ብትጠየቅ ስንፍና ነው ትላለች እንጂ እርሱን ጥላው ማለፍ እንደከበዳት አታውቀውም።

ታማኝነቱ መቼ ነው የሚበረታው? ስቲቨን ባንክና ማይክል ካን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከሕክምና ልምዳቸው ተነሥተው በ1982 ያቀረቡት መልስ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ይለያል። እጅግ ጠንካራው የወንድማማቾች ትስስር የሚታየው ፍቅር በሞላበት ቤት ሳይሆን፣ ልጆቹ ዘወትር አብረው ሆነው ወላጆቻቸው ግን በሞት፣ በሕመም፣ በጠብ ወይም በቸልታ በሌሉበት ቤት ነው አሉ። ወላጅ ሲጎድል የሚሻሙት ነገር ይጠፋል፤ የሚቀረው እርስ በርስ መያያዝ ነው። ከዚህ የሚከተለው ጥቂት የሚያሳስብ ነው፦ ፈጽሞ የማይጣሉ፣ እንደ ጥላ የሚከታተሉ ወንድምና እህት ሁልጊዜ የመልካም ቤት ምልክት አይደሉም፤ በአንጻሩ በየሰዓቱ የሚናቆሩ ልጆች የሚናቆሩት የሚሻሙት በቂ ፍቅር ስላለ ሊሆን ይችላል።

በወንድምና በእህት መካከል ታማኝነቱ ይበልጥ የሚደበቅበት ምክንያት ቋንቋ በማጣት ይጀምራል። በትንሽነታቸው አንድ አልጋ ላይ ሲተኙና አብረው ሲታጠቡ የነበሩ ልጆች ወደ ጉርምስና ሲደርሱ በድንገት ይለያያሉ፤ ክፍላቸው፣ ጓደኞቻቸው፣ ምስጢራቸው ይለያል። ለእህቱ ሲሳሳ የሚታይ ጎረምሳ በጓደኞቹ ይሳቅበታል፤ ለወንድሟ የምትጨነቅ ልጅ ደግሞ ጭንቀቷ እንደ ተፈጥሮ ግዴታ ስለሚቆጠር ማንም አያየውም። ስለዚህ ፍቅሩ የሚፈቀድለትን ልብስ ለብሶ ይወጣል፦ የእርሱ ቁጥጥርና ቁጣ ይሆናል፣ የእርሷ ነዝናዛነትና ምክር ይሆናል፣ የሁለቱም ደግሞ ቀልድና ብሽሽቅ። "ያ ልጅ ማነው?" ብሎ የሚጮኸው ወንድም ሊል የፈለገው "እፈራልሻለሁ" ሊሆን ይችላል። ይህን ስል ለቁጥጥሩ ሰበብ መስጠቴ አይደለም፤ እህት የሚደርሳት ጩኸቱ እንጂ በጩኸቱ ውስጥ የታሰበው አይደለምና፣ በጎ ሐሳብ ያለው ጭቆናም ያው ጭቆና ነው።

ፉክክርና ታማኝነት በአንድ ሕይወት ውስጥ እንዴት እንደሚጠላለፉ ለማየት ከሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ከካሮላይን ኸርሸል የተሻለ ታሪክ አላውቅም። በ1750 በጀርመን ሃኖቨር የተወለደችው ካሮላይን በልጅነቷ በታይፈስ ታምማ ቁመቷ አጭር ሆኖ ቀረ፤ እናቷም ከቤት ሥራ ውጭ ሌላ እንድትማር አልፈለገችም። በ11 ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ዊልያም በ1772 ወደ እንግሊዝ አገር ወሰዳት፤ ለመውሰድም በእርሷ ምትክ የሚቀጠር የቤት ሠራተኛ ወጪ ለእናቱ መሸፈን ነበረበት። ናጂ ስለ ሒሳብ መዝገብ ከመጻፉ ሁለት መቶ ዓመት በፊት መዝገቡ በገንዘብ ተተምኖ ነበር ማለት ነው። መዝሙርና ሒሳብ አስተማራት፤ እርሱ የቴሌስኮፕ መስታወት ሲያለሰልስ እጁን ማንሣት በማይችልበት ጊዜ እርሷ በአፉ ታጎርሰው ነበር። በ1781 ዩራነስ የተባለውን ፕላኔት አግኝቶ ስሙ ከገነነ በኋላ እርሷ ከጎኑ ሌሊቱን ሙሉ ቁጥር ትመዘግብ ነበር። ከዚያ ግን የራሷን ቴሌስኮፕ ይዛ በ1786 የመጀመሪያዋን ጅራታም ኮከብ አገኘች፤ በኋላ ያገኘቻቸው ተደምረው ስምንት ደርሰዋል። በ1787 የእንግሊዝ ንጉሥ በዓመት 50 ፓውንድ ደመወዝ ቆረጠላት።

በቀጣዩ ዓመት ዊልያም አገባ፤ ካሮላይንም ስታስተዳድረው ከኖረችው ቤት ወጥታ ሌላ ቦታ ተከራይታ መኖር ጀመረች። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከወንድሟ ጋር መሥራቷን አላቆመችም፤ ከጅራታም ኮከቦቿ አብዛኞቹን ያገኘችውም ከዚያ በኋላ ነው። ከሠርጉ ቀጥሎ ባሉት አሥር ዓመታት ገደማ የጻፈችውን የዕለት ማስታወሻ ግን በራሷ እጅ አጠፋችው። ምን እንደነበረበት ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ የምሬት መዝገብ እንደነበረ የሚገምቱ ብዙዎች ናቸው። በኋላ ከወንድሟ ሚስት ጋር ተወዳጀች። ዊልያም በ1822 ሲሞት ወደ ሃኖቨር ተመልሳ፣ ለእርሱ ልጅ ለጆን ሥራ እንዲመች ኔቡላ የሚባሉትን፣ በሰማይ ላይ እንደ ደመና የሚታዩ አካላት ዝርዝር በአዲስ ቅደም ተከተል አዘጋጀች፤ ለዚህም በ1828 ከለንደን የሥነ ፈለክ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበለች። በ1848 በ97 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ ስትወደስ፣ እርሷ የወንድሟ መሣሪያ እንጂ ሌላ እንዳልነበረች ትናገር ነበር። አንዳንዶች ይህን ትሕትና ይሉታል። እኔ ግን ያጠፋችውን ማስታወሻና ይህን ንግግር አንድ ላይ ነው የማነብበው፤ ገመናውን ለመሸፈን በአንዱ ቅያሜዋን፣ በሌላው ደግሞ ድርሻዋን መደምሰስ ነበረባት።

ስውር ታማኝነት ዋጋ አለው የምለው ለዚህ ነው፤ ከወንድሙ ወይም ከእህቱ እንዳይበልጥ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ፣ የሌላውን ሱስ ወይም ዕዳ ለዓመታት ሸፍኖ የሚኖር፣ በልጅነቱ የታናናሾቹ ወላጅ ሆኖ የራሱን ልጅነት ያላየ ሰው ሁሉ ይህን ዋጋ ከፍሏል። ከሁሉ የከፋው ዝምታ ደግሞ ጉዳትን የሚሸፍነው ነው። እዚህ ላይ አንድ ድንበር በግልጽ መሰመር አለበት። ጠቡ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ አንደኛው ሌላውን የሚፈራ ከሆነ፣ ድብደባው ወይም ማዋረዱ ተደጋጋሚ ከሆነ፣ ወይም ወሲባዊ ድርጊት ካለበት፣ ነገሩ ፉክክር መባሉ ቀርቶ ጥቃት ይባላል። "ልጆች ናቸው፣ ይስማማሉ" የሚለው ቃል በዚህ ቦታ ጥቃት አድራሹን ይጠቅማል፤ የተጠቃው ልጅም ወንድሜን አላስጠቁርም በሚል ታማኝነት ዝም ሊል ስለሚችል፣ ልጁ እስኪናገር መጠበቅ አይበቃም።

ከዚህ ውጭ ባለው ተራ ጠብ ውስጥ የወላጅ ድርሻ አስቸጋሪ ነው። ዳኛ ሆኖ የገባ ወላጅ የሚሻሙትን ነገር፣ ማለትም የራሱን ሚዛን፣ ይዞ ስለሚገባ በፈረደ ቁጥር አንዱን አሸናፊ ያደርጋል፤ ጨርሶ ያልገባ ወላጅ ደግሞ ጉልበተኛውን ይሾማል። በካናዳ የተደረጉ ጥናቶች ሦስተኛውን መንገድ ፈትነዋል፦ ወላጆች ፍርድ ሳይሰጡ እያንዳንዱ ልጅ የሆነውን እንዲናገር፣ ሌላው የተሰማውን እንዲሰማና መፍትሔውን ራሳቸው እንዲያመጡ ማደራደርን ተማሩ። ልጆቹም ከበፊቱ በተሻለ መንገድ መነጋገርና መስማማት ቻሉ። መስታወቱን ማን እንደሰበረ ለማወቅ እህትን በወንድም ላይ ምስክር ማድረግ ግን በየትኛውም መንገድ የሚመከር አይመስለኝም። እውነቱ ቢገኝ እንኳ የሚከፈልበት ሒሳብ ከመስታወቱ ይወደዳል።

ዕድሜ ሲገፋ ግንኙነቱ መሐሉ የቀጠነ የአሸዋ ሰዓትን ቅርጽ ይይዛል፤ በልጅነት ሰፊ ነው፣ ትዳርና ሥራ በሚበዛባቸው ዓመታት ይጠብባል፣ በእርጅና ደግሞ እንደገና ይሰፋል። በመሐሉ አንድ አደገኛ መተላለፊያ አለ፤ ወላጅ ሲታመምና ውርስ ሲመጣ። ማስታመሙ በብዙ ቤቶች በእህት ትከሻ ላይ ይወድቃል፣ ውሳኔው ግን ወንድም አፍ ላይ ይቀራል፤ ያ የልጅነቱ ሁለት ሜትር ያኔ ከመሳቢያ ይወጣል። በመሬትና በቤት ስም የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ከአርባ ዓመት በፊት ስለተሰጠ እቅፍ ነው፤ ስለዚህም በጠበቃ ብቻ አያልቅም። ይህን መተላለፊያ ሳይቆራረጡ ያለፉት ግን አንድ ነገር ያገኛሉ። ወላጆች ካለፉ በኋላ የሚሻሙት ሚዛን የለም፤ ያ ቤት ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውሰው ሰው ደግሞ ያ ተፎካካሪ ብቻ ነው።

የሙሴ እህት ታሪክም በወንዙ ዳር አላበቃም። መጽሐፍ ቅዱስ ማርያም ብሎ የሚጠራት እህቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በበረሃው ጉዞ ላይ ከአሮን ጋር ሆና በሙሴ ላይ ታጉረመርማለች፤ እግዚአብሔር የተናገረው በእርሱ ብቻ ነው እንዴ፣ በእኛስ አልተናገረምን የሚል ነው ቃላቸው። የትኛውም ቤት ውስጥ የሚሰማ ክስ ነው፤ በዚያ ላይ ትንሹ ወንድም በሕይወት የኖረው በእርሷ ብልኀት ነበር። ያጉረመረሙት ሁለቱ ሆነው ሳለ በቅጣት የመጣው ለምጽ የወጣው በእርሷ ላይ ብቻ መሆኑም ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። ሙሴ ክሱን አልመለሰም፤ በጥቂት ቃላት እንድትድን ብቻ ለመነ። ማርያም ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘግታ ተቀመጠች፤ እስክትመለስም ድረስ ሕዝቡ ሁሉ ድንኳኑን ሳይነቅል ቆየ።